ባለ ሁለት ጉሮሮው ካርቡራተር

ይሄይስ አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሲኒማ ራስ ጋ ከታክሲ ወርዶ ወደ መርካቶ ገባ። በአንድ እጁ ጥቁር ጃንጥላ፣ በሌላው ራሱ የሳላትን ካርታ ጨብጧል፤ በጀርባው ባዘለው ቦርሳ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ የተሰነጠቀ ካርቡራተር አለ። ገና ሦስት እርምጃ ሳይራመድ ጆንያ የተሸከመ ሰው «መንገድ!» ብሎ ወደ ግራ ገፋው። ወዲያው ደግሞ የብረት አልጋ የተሸከመ ሌላ ሰው «ኧረ መንገድ!» እያለ መጥቶ ወደ ቀኝ መለሰው። ሁለቱም ካለፉ በኋላ ይሄይስ ፊቱ ወደ መጣበት ዞሮ ቆሞ ራሱን አገኘው።

«ጥሩ ነው» አለ ለራሱ። ጥሩ አልነበረም።

ይሄይስ በሙያው ካርታ ሠሪ ነው። የአፋርን በረሃ ከግመል ነጂዎች ጋር አቋርጧል፤ የኦሞን ወንዝ በጀልባ ወርዷል፤ አንድ ጊዜ ጅብ ከድንኳኑ ደጃፍ ጫማውን ወስዶበት አሥራ አራት ኪሎ ሜትር በካልሲ ተጉዟል። ይህ ምድረ በዳ ያላስፈራው ሰው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ሲኖር መርካቶን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ብቻ ነው። ዘመዶቹ ይህን ሲሰሙ ይስቁበታል፤ እኔም ስቄበታለሁ። እሱ ግን ለጉዞ መዘጋጀት ያውቃል። የሳተላይት ፎቶ ዘርግቶ ሶማሌ ተራን በቀይ፣ ምናለሽ ተራን በሰማያዊ ቀለም አቀለመ፤ የመለዋወጫ ሱቆቹን ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ሰጣቸው። ዕቅዱ ቀላል ነበር፤ ሱቆቹን በተራ ይጠይቃል፣ ያወዳድራል፣ ይገዛል። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህን ዕቅድ ቢያየው ኖሮ ካርታውን ነጥቆ ወደ ቤቱ ይመልሰው ነበር።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አባቱ ጋሼ ወልደሚካኤል በወጣትነታቸው ወደ ሀገሩ ከሚመለስ ጣሊያናዊ የገዟት ቀይ የስፖርት መኪና አለች፤ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ። ሃያ ዓመት ጉለሌ ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ለብሳ ተኝታ ነበር። የይሄይስ እናት ካረፉ በኋላ አባትና ልጅ ሸራውን ገለጡና በየቅዳሜው ማደስ ጀመሩ። አራት ዓመት ሆናቸው። ፍሪሲዮኗን ቀየሩ፣ ፍሬኗን ሠሩ፣ ሞተሯን አውርደው መልሰው ገጠሙ። የቀረው ካርቡራተሩ ብቻ ነው፤ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያጠጣው ብረት። የሷ ደግሞ ባለ ሁለት ጉሮሮ ነው፤ ዛሬ የትም እንደ ልብ አይገኝም። ያ ካርቡራተር ከሁለት ወር በፊት ወገቡ ላይ ተሰንጥቆ ተገኘ። በብረት ማጣበቂያ ቢሞክሩት ቤንዚኑ እያነባ ወጣ።

በዚህ መሀል የጋሼ ወልደሚካኤል ቤት ለመንገድ ሊፈርስ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ጓዛቸውን ይዘው ቢሾፍቱ፣ ልጃቸው እምነት ዘንድ ሊሄዱ ነው። «መኪናዋስ?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው። «በራሷ ጎማ ትሄዳለች፤ አለዚያ እዚሁ ትቀራለች። በገመድ እየተጎተተች ስትሄድ አላይም።» ሽማግሌው አንዴ ካሉ አሉ ነው። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ብረት ገዢዎች መጥተው ቆራርጠው እንዲወስዷት ቃል ሰጥተዋል።

ይሄይስን ያስፈራው የመኪናዋ መቆረጥ ብቻ አይደለም። እሱና አባቱ ከመኪናዋ ውጪ የሚያወሩት ነገር የላቸውም። አራት ዓመት ሙሉ «ያን መፍቻ አቀብለኝ»፣ «ይሄ ቡሎን ላልቷል» ሲባባሉ ነው የኖሩት፤ ከዚያ በፊት ደግሞ እሱንም አይባባሉም ነበር። እሷ ከሌለች ቅዳሜም የለም። ቅዳሜ ከሌለ አባቱ በስልክ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» የሚባባሉ ሩቅ ሽማግሌ ሆነው ይቀራሉ። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ሶማሌ ተራ ሲደርስ ሰማዩ ጠፋ። ከግራና ከቀኝ የተንጠለጠለው የጭስ ማውጫ ማርሚታ፣ የሞተር ቺንጋና የመኪና በር ከላይ ተገናኝቶ መንገዱን ጋርዶታል። ከእግር በታች የሞተር ዘይትና የክረምት ጭቃ ተዋህዶ ያንሸራትታል። በየደጁ መዶሻ ይጮሃል፤ አንዱ ሞተር ያስነሳል፣ ሌላው ያጠፋል፣ ሦስተኛው በሁለቱ ላይ ይሳደባል።

ሱቅ ቁጥር አንድ የእትዬ ታንጉት ነበር። እትዬ ታንጉት ስልሳውን ያለፉ የጎጃም ሴት ናቸው፤ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ሱቁን ብቻቸውን ይዘው ካንዴላን በማሽተት ብቻ የየት ሀገር እንደሆነ ይለያሉ እየተባለ ይወራላቸዋል።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ? ይሄን ዓይነት ይኖርዎታል?»

የተሰነጠቀውን ብረት ተቀብለው ገለባበጡት። «ባለ ሁለት ጉሮሮ! ይሄንንማ ካየሁ ስንት ዘመኔ።»

«አለዎት ወይስ የለዎትም?»

«ይመጣል።»

«ከየት?»

«አንተ ምን አገባህ ከየት? ቁጭ በል፣ ሻይ ይምጣልህ። እኔ ሰው እልካለሁ። የትም እንዳትሄድ።»

ይሄይስ ካርታውን አየ። ገና ቁጥር አንድ ላይ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ሱቅ ይቀራል። የመጀመሪያው ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ጫካውን አይቻለሁ የሚል ካርታ ሠሪ የለም። «ስልክ ቁጥሬን ልተውልዎትና ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» አለ።

«አትዙር ልጄ! እዚህ እኮ—» ሲሉ እሱ ወጥቷል።

ሱቅ ቁጥር ሁለት «ይመጣል» አለው። ሦስትም «ይመጣል» አለው። አራትና አምስት «አሁን ይመጣል» አሉት። ሁሉም የተሰነጠቀውን ብረት በስልካቸው ፎቶ አነሱ፤ ሁሉም ስልክ ቁጥሩን ጻፉ። እሱ ከሱቅ በወጣ ቁጥር አንድ ሰው ከኋላው ተስፈንጥሮ ይወጣና በሌላ አቅጣጫ ይሮጣል። ይሄይስ ይህን አይቷል። ሰዎቹ ለምን እንደሚሮጡ፣ ወዴት እንደሚሮጡ፣ «ይመጣል» የሚሉት ነገር በየት በኩል እንደሚመጣ ግን አልገባውም። በካርታው ላይ ከእያንዳንዱ ሱቅ ጎን የጥያቄ ምልክት አኖረ። አሥራ ሁለት የጥያቄ ምልክት ሆነለት።

አራት ሰዓት ላይ ሰማዩ ተቀደደ። መጀመሪያ ነፋስ መጣ፤ የተንጠለጠለውን በር ሁሉ እያጋጨ አለፈ። ከዚያ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ጩኸት የሰውን ድምፅ ዋጠው። ይሄይስ ጃንጥላውን ዘረጋ፤ ነፋሱ ገለበጠው፤ በረዶው ሸራውን ወንፊት አደረገው፤ በመጨረሻ እጀታው ብቻ እጁ ላይ ቀረ። ከላይኛው መንገድ የመጣው ጎርፍ ካርቶን፣ ሸበጥና አንድ ሙሉ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሞ ጉልበቱን መታው።

«ገመዱን ያዝ!» አለ ከአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ የቆመ ሰው።

ይሄይስ የተወረወረለትን ገመድ ያዘ፤ ካርታዋን በጥርሱ ነከሰ፤ እየተንፏቀቀ ደረጃው ላይ ወጣ። ሃያ ደቂቃ ተንቀጠቀጠ። ዝናቡ ሲያባራ ቀና ብሎ ቢያይ መንገዱን አላወቀውም። ነጋዴው ሁሉ ሱቁን በሰማያዊ ላስቲክ ሸፍኖታል፤ ሱቅ ቁጥር አሥራ ሦስት የቱ ነው፣ ቁጥር አራትስ? ሁሉም ሰማያዊ ነው። ካርታው ላይ ሰማያዊ ያለው ምናለሽ ተራ ብቻ ነበር።

«ይቅርታ፣ እዚህ የት ነው?» አለ አንዱን።

«እዚህ ነዋ» አለው ሰውየው፤ ቸኩሎም አለፈ።

በግምት ወደ ግራ ታጠፈ። መንገዱ ጠበበ፤ ከዚያ ሁለት ሰው የማያሳልፍ ሆነ። ያኔ ከፊት ለፊቱ ኮቴ ሰማ። ከእህል በረንዳ በኩል የተነሱ ሠላሳ የሚሆኑ አህዮች እህል ተጭነው፣ በረዶው አስደንብሯቸው፣ ያለ ነጂ እየጋለቡ ይመጣሉ። የኋላው የፊተኛውን ይገፋል፤ ጆንያው ከግራና ከቀኝ ግድግዳውን ይፍቃል። ይሄይስ ወደ ኋላ ዞሮ ሮጠ። የረገጠው ሁሉ ይንሸራተታል። አንድ የበርሜል ክምር አየ፤ ዘለለ፣ ጨበጠ፣ ወጣ። አህዮቹ ከእግሩ ሥር እንደ ጎርፍ አለፉ። የመጨረሻዋ አህያ ግን ቆመች። ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ከእጁ ላይ የተንጠለጠለውን የረጠበ ወረቀት በጥርሷ ይዛ፣ እንደ ቅጠል እያመነዠከች ሄደች።

«አንቺ! ካርታዬን!»

ሶማሌ ተራም ምናለሽ ተራም አሥራ ሁለቱም የጥያቄ ምልክት በአህያ ሆድ ውስጥ ገቡ። ይሄይስ ከበርሜሉ ሲወርድ ተንሸራቶ በግንባሩ ጭቃው ውስጥ ተደፋ። ሲነሳ ከጫማው እስከ ቅንድቡ አንድ ቀለም ሆኗል።

እየሮጠ ያገኘውን ሁሉ ጠየቀ። ስድስት ሰዓት አለፈ። አንዋር መስጊድ አጠገብ ሲደርስ ሱቆቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ሰዉ ካርቶንና ምንጣፍ እያነጠፈ መንገዱን ሞላው። የአርብ ሶላት ነው። ወደ ኋላ ሲዞር ከኋላውም ሞልቷል።

«ወንድሜ፣ ሶላቱ ሊጀመር ነው» አለው አንድ ቀጠን ያለ ጎማ ነጋዴ፣ ሙስአብ የሚባል። «ይቺ ግድግዳ ጥግ ቁም፤ ሲያልቅ ትሄዳለህ።»

ይሄይስ ግድግዳው ጋ ተጠጋ። ስልኩን በላስቲክ እንደጠቀለለው አውጥቶ፣ እንዳይጮህ ድምፁን አጠፋ። ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህ የነበረው ገበያ ጸጥ አለ። በሺህ የሚቆጠር ሰው አንድ ላይ ሲያጎነብስ፣ አንድ ላይ ሲነሳ የልብሱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ይሄይስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። ሰላም ተሰማው። ሶላቱ አልቆ ገበያው መልሶ ሲያገሳ ሰላሙም አብሮ ሄደ።

ሙስአብ ካርቶኑን እያጠፈ «ምን ፈልገህ ነው?» ሲለው ይሄይስ ነገረው። ሙስአብ ከንፈሩን መጠጠ።

«እሱን ነው? አርፍደሃል። ዛሬ ያን ካርቡራተር የሚፈልጉ ሰዎች መርካቶን ቀውጢ አድርገዋታል።»

«የምን ሰዎች?»

«ሦስት ናቸው አሉ። አንደኛው ጥቁር ጃንጥላ ይዞ የሚንጎራደድ ነው። ሁለተኛው ካርታ የያዘ። ካርታ! ሱቁን ሁሉ በቁጥር መዝግቦታል አሉ። ሦስተኛው ጤነኛ አይመስልም፤ ጭቃ ለብሶ እየሮጠ ነው የሚጠይቀው።» ከዚያ ይሄይስን ከላይ እስከ ታች አየውና «አንተንም ዝናቡ ተጫውቶብሃል» አለ በሀዘኔታ።

ሦስት ተፎካካሪ! ከሦስቱ ደግሞ አንዱ ካርታ አለው። ካርታ ያለው ሰው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከይሄይስ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ባለ ካርታው ከየት ነው የመጣው?»

«ከውጭ ድርጅት ነው ይላሉ። የድሮ መኪና ሰብስበው ሊጭኑ። ዕቃው ያለው ሰው ሁሉ ደብቆታል፤ ዋጋው እስኪወጣ።»

እዚህ ላይ ማንም ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሎ ያስብ ነበር። ይሄይስ ግን አደን ወጣ። «ካርታ የያዘ ሰው አይታችኋል?» እያለ ከሱቅ ሱቅ ሮጠ። አንዱ ወደ ላይ ጠቆመው፣ ሌላው ወደ ታች። አንዷ ሻጭ «አሁን እዚህ ነበር» አለችው፤ ዞሮ ሲያይ የገዛ እግሩን የጭቃ ዱካ አገኘ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አዲስ ወሬ ደረሰው፤ አሁን ደግሞ ባለ ካርታውን የሚያሳድድ አራተኛ ሰው መጥቷል፣ ሰላይ ነገር ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ይሄይስ ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። አራተኛው ማነው? ከማን ወገን ነው? ጠዋት «ይመጣል» ያሉት ሱቆች አሁን ከሩቅ ሲያዩት «የለም!» እያሉ በራቸውን ገርበብ ያደርጋሉ።

ተስፋ ቆርጦ አንድ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ አጠገቡ ሰሃን የምትሸጥ ዱንያ የምትባል ሴት አዘነችለት መሰለኝ፣ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ ተናገረችው።

«ምናለሽ ተራ ሀጂ ሙናዊር ዘንድ አለ ይላሉ። እኔ ነገርኩህ እንዳትል። ፍጠን፤ ሌሎቹም ሰምተዋል።»

ተነስቶ በረረ። ምናለሽ ተራ ሲደርስ ከፊቱ የብረት ተራራ ተገተረ፤ የተቀጠቀጠ በርሜል፣ የአልጋ እግር፣ የማቀዝቀዣ በር፣ የዛገ ላሜራ። መዶሻ የያዙ ሰዎች በየጥጉ ይቀጠቅጣሉ። ጆሮው ደነቆረ። በሁለት የብረት ክምር መሀል ያለችውን ቀጭን መንገድ ተከትሎ ወጣ፤ ሱሪው በሽቦ ተያዘ፣ ቀደደው፣ ቀጠለ። ጫፉ ላይ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ በተደፋ በርሜል ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ፌስታል አቅፈዋል። ከፌስታሉ አፍ ሁለት ክብ ቀዳዳ ይታያል።

«ሀጂ! እባክዎ ለእኔ!»

«ለእኔ ነው!» የሚል ድምፅ ከወዲያኛው ክምር ጀርባ መጣ። ትከሻው በር የሚያህል ሰው ላሜራውን እያንኳኳ ወረደና እጁን ሰደደ። ስሙ ፍቃዱ ነው፤ ደላላ ነው፤ ይሄይስ ግን ያን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ መስሎታል። ሁለቱም በአንዴ ፌስታሉ ላይ ወደቁ። ይሄይስ አንደኛው ጉሮሮ ውስጥ ሁለት ጣቱን ከተተ፤ ፍቃዱም በሌላኛው ከተተ። ጎተቱ። ተያይዘው ክምሩን ተንሸራተቱ፤ ቆርቆሮ ከኋላቸው እየተንኳኳ ተከተላቸው፤ ታች ጭቃው ውስጥ ሲያርፉም አልተላቀቁም።

«ልቀቅ!» አለ ፍቃዱ። «ከጠዋት ጀምሮ ለደንበኛዬ ስፈልገው ነው የዋልኩት!»

«እኔም ከጠዋት ጀምሮ ነው የፈለግኩት!»

«ደንበኛዬ የተከበረ ሰው ነው! ቃል ተሰጥቶታል!»

«ደንበኛህ ባለ ካርታው ነው አይደል? አውቄዋለሁ!»

«ባለ ካርታ ይሁን ባለ ጃንጥላ አንተን ምን አገባህ?»

«እንዳትሰብሩት!» ሀጂ ሙናዊር በከዘራቸው እየተደገፉ ወረዱ። «ሁለታችሁም እጃችሁን እንዳለ አቆዩት። አንተ ፍቃዱ፣ ደንበኛህን ደውልለት። ይምጣና እዚሁ ፊቴ ይነጋገር።»

ፍቃዱ በአንድ እጁ ካርቡራተሩን እንደያዘ በሌላው ስልኩን አወጣ። ደወለ። ጠበቀ። የይሄይስ የደረት ኪስ ተንቀጠቀጠ።

«አያነሳም» አለ ፍቃዱ። «ከስድስት ሰዓት ጀምሮ አያነሳም።»

«እኔም እየተደወለልኝ ነው» አለ ይሄይስ ጥርሱን ነክሶ፤ «ግን አልለቅም!»

ሀጂ ሙናዊር አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አዩ። «አንተ ልጅ፣ እስቲ ስልክህን አንሳ።»

ይሄይስ በነጻ እጁ አወጣና ጆሮው ላይ አደረገ። «ሄሎ?»

«ሄሎ ጌታዬ!» አለ ፍቃዱ ፊቱን አዙሮ። «ከእትዬ ታንጉት ሱቅ ነኝ። ካርቡራተርዎን አግኝቼዋለሁ። አንድ እብድ ብቻ አልለቅም ብሎኝ ነው።»

«የትኛው እብድ?» አለ ይሄይስ።

ድምፁ ከሁለት በኩል ሲሰማቸው ሁለቱም ቀስ ብለው ዞሩ። አፍንጫና አፍንጫቸው በስንዝር ተራራቀ። በስልኩ መስታወት ላይ ሠላሳ አንድ ያልተነሳ ጥሪ ተጽፏል። ይሄይስ መጀመሪያ ጣቱን ከጉሮሮው አወጣ። ቀጥሎ ባለ ጃንጥላውን አሰበ፣ ባለ ካርታውን አሰበ፣ ጭቃ የለበሰውን፣ አሳዳጁንም አሰበ። አራቱም አንድ በአንድ እየመጡ እሱ ላይ ተቀመጡ።

ሀጂ ሙናዊር ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። «ስንት ሱቅ ጠየቅህ?»

«አሥራ ሁለት።»

«አላህ ይምራህ! እዚህ የሌለውን ዕቃ የለኝም የሚል ነጋዴ የለም፤ ሰው ልኮ ያፈላልጋል። አሥራ ሁለቱም ሰው ላኩ፤ የተላኩት ደግሞ ሌላ ላኩ። አንድ ሰው ሆነህ ዕቃውን በመቶ ሰው አስፈለግኸው። ሁሉም መጥቶ ሲጠይቀኝ እኔም ወርቅ መሰለኝ፤ ለጁምዓ ሶላት እንኳ በፌስታል ይዤው ነው የሄድኩት። ዕቃህን ያስደበቅኸው አንተው ነህ። እዚህ አንድ ሰው ትጠይቃለህ፣ እሱን አምነህ ቁጭ ትላለህ።» ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «እንዲህ ራስህን የጣልክለት መኪና የማን ነው?» አሉ።

«የአባቴ። ነገ ካልተነሳች ትቆረጣለች» አለ ይሄይስ ጭቃው ላይ እንደተቀመጠ። ቀጥሎ ያለውን ለማለት አላሰበም ነበር፤ ድካም ነው ያናገረው። «እሷ ከሌለች አባቴን ምን ብዬ እንደማናግረው አላውቅም።»

ሀጂ ሙናዊር ካርቡራተሩን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው አስያዙትና ጠዋት ቢመጣ በሚሸጡለት ዋጋ ሸጡለት። ፍቃዱም «እንግዲህ ተከተለኝ» አለው፤ «በመንገድ ላይ ግን ማንንም እንዳትጠይቅ።» በሰባት ደቂቃ እትዬ ታንጉት ሱቅ አደረሰው። እትዬ ታንጉት የጭቃውን ሰው ከላይ እስከ ታች አይተው «ቁጭ በል አላልኩህም?» ብቻ ነው ያሉት።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ አባትና ልጅ ሞተሩ ላይ አጎንብሰው ነበር። ካርቡራተሩ ገጠመ። ሦስት ሰዓት ላይ ብረት ገዢዎቹ መቁረጫቸውን ይዘው ሲመጡ ጋሼ ወልደሚካኤል ቁልፉን አዞሩ። አሳላት። ደገሙ፤ አሁንም አሳላት። ሦስተኛው ላይ አገሳች፤ ግቢው በጭስ ተሞላ፤ ሊቆርጧት የመጡት ሰዎች ራሳቸው አጨበጨቡ። ይሄይስ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ቀረ። አባቱ «ግባ» አሉት።

ከተማውን አቋርጠው ወጡ። ቀይዋ መኪና መንገዱን ትበላዋለች። ቃሊቲን ሲያልፉ አባቱ «ድምጿ እንዴት ነው?» አሉ።

«ጥሩ ነው።»

«ፍሬኗስ ይይዛል ትላለህ?»

«እርስዎ ሲረግጡት አየሁ፤ ይይዛል።»

ከዚያ ጸጥ አሉ። አቃቂ አለፈ። የሚጠበቅ ቡሎን የለም፤ የሚቀባበሉት መፍቻ የለም። ይሄይስ ያኔ ገባው። መኪናዋ ብትቆረጥ ይመጣል ብሎ የፈራው ዝምታ፣ ድና ስትሮጥም መጣ። አሥራ ሁለት ሱቅ ሲጠይቅ የዋለ ሰው አባቱን አንድ ቀን ጠይቋቸው አያውቅም። አጠገቡ ያሉትን ሰው አያቸው፤ አንድ ሰው ናቸው፤ ሌላ የሚጠየቅም የለም።

«አባባ» አለ። «እማዬ ካረፈች ወዲህ፣ በዚያ ቤት ብቻዎን አይከብድዎትም ነበር?»

ጋሼ ወልደሚካኤል ዱከም ሊደርሱ ሲሉ መኪናዋን ወደ ጥግ አወጡና አቆሟት። መሪውን እንደያዙ ፊት ለፊት እያዩ ተናገሩ።

«ካርቡራተሩን የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ጨርሰናት ነበር እኮ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልትነሳ ነው። ከተነሳች አንተ ምን ብለህ ትመጣለህ? ይሄን አሰብኩና ቡሎኑን እያወቅኩ ከልክ በላይ አጠበቅኩት፤ ብረቱ ጮኸ። አንድ ሁለት ወር እንኳ ይቆይልኝ ብዬ ነው። ከዚያ የቤቱ ነገር መጣ። ለመናገር አፈርኩ። በእጄ የሰበርኳትን በገመድ እየጎተትኩ መሄዱ ደግሞ አቃተኝ።»

በረዶው፣ ጎርፉ፣ አህያዋ፣ የብረቱ ተራራ በይሄይስ ዓይን ላይ አለፉ። መቆጣት ነበረበት፤ ፈልጎም ነበር። አፉን ሲከፍት ግን የወጣው ሳቅ ነው። ከዚያ ትናንት የሆነውን ከሲኒማ ራስ ጀምሮ ነገራቸው። አህያዋ ካርታውን ስትበላ አባቱ ፈገግ አሉ። «የትኛው እብድ?» ላይ ሲደርስ ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፍተው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር፤ ሁሉም ከሳቅ የመጣ አልነበረም።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለ ይሄይስ።

«ቢሾፍቱ ድረስ? ምን ልትሠራ? ምንም አልጎደላትም እኮ።»

«አውቃለሁ። እርስዎ ጋ ነው የምመጣው።»

ጋሼ ወልደሚካኤል አፍንጫቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ቁርስ ሳትበላ ና እንግዲህ» አሉና ማርሽ አስገብተው ነዱ።